ትዝታዎ ሁልጊዜ እውነቱን ይነግርዎታል?

ወረኢሉ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ሽማግሌ ፊት ቀረቡ እንበል። አንዱ «በሬህ አጥሩን ደርምሶ ገብሴን በላ» ይላል። ሌላው «አጥሩ ቀድሞም ወድቆ ነበር» ይላል። ሁለቱም ለመማል ዝግጁ ናቸው። ታዲያ አንዳቸው የግድ ዋሽተዋል ማለት ነው? ላይሆን ይችላል።

አእምሯችን ያየነውን እንደ ካሜራ ቀርጾ አያስቀምጥም። ባስታወስን ቁጥር እየገጣጠመ እንደገና ይሠራዋል፤ ከሌላ ሰው የሰማነውም ሳናውቀው ይቀላቀልበታል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ ከጆን ፓልመር ጋር እ.ኤ.አ በ1974 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ፤ ግጭቱን ለአንዱ ቡድን በከባድ፣ ለሌላው በቀላል ቃል ገለጹት። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ፣ ቀላሉን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ «አዎ» አሉ። ፊልሙ ላይ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። የተወጋውም ቢሆን ዝርዝሩን ሊያዛባ ይችላል።

ስለዚህ ምስክር ከሆኑ ከሌሎች ጋር ከመወያየትዎ በፊት ያዩትን ይጻፉ ወይም ያስጽፉ። ያዩትን ከሰሙት ይለዩ። «አላስታውስም» ማለት ነውር አይደለም። ሽማግሌ ከሆኑ «ምን አየህ?» ብለው ይጠይቁ እንጂ «በሬው አጥሩን ሲደረምስ አላየህም?» አይበሉ።

በቤትዎ ያሉ አዛውንት ግን የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው ወይም አንድን ጥያቄ ደጋግመው ካነሱ፣ በውሸት አይጠርጥሯቸው፤ «እርጅና ነው» ብለውም አይለፉት። ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።