ሃምሳ ሁለት መልስ በአንድ ኪስ

«እስቲ ይህን ካርታ ይያዙልኝ» ይላል ምትሃተኛው፤ የዘረጋው ግን ባዶ መዳፉን ነው። ተመልካቿ ፈገግ እያለች የሌለውን ካርታ ትቀበላለች፤ ትበውዘዋለች፤ አንዱን መዝዛ ካየች በኋላ ገልብጣ ከሌሎቹ መሃል ትከተዋለች። የገለበጡት የቱን ነው ስትባል «የልብ 7» ትላለች። ምትሃተኛው ያኔ ከኮቱ ኪስ እውነተኛ ካርታ አውጥቶ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል። የሚታዩት ሁሉ ፊታቸውን ወደ ተመልካቿ አዙረዋል፤ አንዷ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታለች። ስትገለበጥ የልብ 7 ናት።

በሙያው ሰዎች ዘንድ ይህ ትርኢት «ኢንቪዚብል ዴክ»፣ የማይታየው ካርታ፣ ይባላል። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው የቺካጎው ጆ በርግ ሲሆን የቀድሞ ስሙ «አልትራ ሜንታል ዴክ» ነበር። በባዶ እጅ የመጀመሩን ዘዴ በሰፊው ያስለመደው ደግሞ ሌላው የቺካጎ ሰው ዶን አለን ነው።

ብዙ የካርታ ትንበያዎች የሚሠሩት ሰውየው ሳይታወቀው ምርጫውን ወደ አንድ ካርታ በመግፋት ነው። እዚህ ግን ምርጫው በእውነት ነጻ ነው። ምትሃተኛው «ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ» ሲል ከልቡ ነው፤ የልብ 7 ቀርቶ የአበባ 2 ቢባልም አይቸገርም። አንዲት ካርታ አልገመተማ! ለ52ቱም መልስ አዘጋጅቶ ነው የመጣው።

ምስጢሩ ጀርባ ላይ ነው። ካርታዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጀርባ ለጀርባ ተጣምረው 26 ጥንድ ሠርተዋል። ጀርባቸው የሚያሻክር ፈሳሽ በስሱ ስለተቀባ ሙጫ ሳይኖር ይያያዛሉ፤ ሲዘረጉ ጥንዱ አንድ ካርታ ይመስላል። በአንዱ ወገን ሙሉ ቁጥሮች፣ በሌላው ጎዶሎዎቹ ይታያሉ። ጃክ 11፣ ንግሥት 12 ተብለው ሲቆጠሩ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 13 ነው። ልብ ከስፔድ፣ ዳይመንድ ከአበባ ይጣመራል። አራቱ ንጉሦች 13 ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ፤ ሁለቱ ከሙሉዎቹ፣ ሁለቱ ከጎዶሎዎቹ ወገን ይሆናሉ።

ስለዚህ የልብ 7 ሲጠራ ስሌቱ አጭር ነው። 7 ጎዶሎ ነውና ሙሉዎቹ ወደ ተመልካቿ መዞር አለባቸው፤ ካርታው ከማሸጊያው ሲወጣ በየት በኩል እንደሚዞር ምትሃተኛው አስቀድሞ ያውቃል። ከ13 ላይ 7 ሲነሳ 6 ይቀራል፤ የልብ ጥንድ ደግሞ ስፔድ ነው። እየዘረጋ የስፔድ 6ን ይፈልጋል፤ ሲያገኛት በአውራ ጣቶቹ ጥንዷን ቀስ ብሎ ያላቅቃል። ከ6ቷ ሥር የልብ 7 ጀርባ ብቅ ይላል።

ጣቶቹን ያሠለጠነ ሰው ይህን በጥቂት ቀናት ይይዘዋል። የሚከብደው ወሬው ነው። ስሌቱ የሚሠራው ምትሃተኛው እየተናገረ ስለሆነ ድምፁ መቆራረጥ የለበትም፤ የተመልካቿን ዓይን ትቶ ጣሪያ ካየ አበቃ። ጎበዙ ካርታውን ለማውጣት አይቸኩልም፤ የሌለውን ካርታ በደንብ እንድትበውዝ፣ አንዱ እንዳይወድቅባት እንድትጠነቀቅ ይነግራታል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ገብታ ካርታውን ራሷ የገለበጠችው መስሎ እስኪሰማት ድረስ ይጠብቃል።

አንድ ድክመት አለው፤ ለምርመራ አይሰጥም። ካርታውን በእጇ የነካች ሰው ሻካራነቱን ወዲያው ታውቀዋለች። ጠንቃቃ ምትሃተኞች ለዚህ በሌላኛው ኪሳቸው ጀርባው ተመሳሳይ የሆነ ተራ ካርታ ይዘው ይዞራሉ፤ ሳቁና ጭብጨባው ሳይበርድ አንዱን ከተው ሌላውን ያወጡና «ይኸው፣ እርስዎም ይዩት» ብለው ያቀብሏታል።