የጥብስ ቅጠልን ከዘር ማብቀል

የጥብስ ቅጠል (ወይም ሮዝሜሪ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳልቪያ ሮዝማሪነስ) ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ መዓዛማ ቁጥቋጦ ነው። የትውልድ ቦታው የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ሲሆን ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከዳማከሴ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ወደ ሳልቪያ ወገን ተዛውሯል። በኢትዮጵያ በብዙ ግቢ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚባዛውም በዘር ሳይሆን ቅርንጫፉ ተቆርጦ በመተከል ነው።

የዘሩ ጠባይ

ከተዘራው ዘር ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። የሚበቅለውም ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዘሩ ካረጀ የመብቀል ኃይሉ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ 5 ችግኝ የሚፈልግ ሰው 20 ወይም 30 ዘር ቢዘራ ይሻላል፤ በ2ኛው ሳምንት ምንም አልታየም ብሎ አፈሩን መድፋትም የለበትም።

አዘራር

ከታች የተበሳ ማንኛውም ዕቃ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንም ቢሆን፣ ያገለግላል። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር መሆን ስላለበት ለም አፈር ከአሸዋ ጋር ይደባለቃል። አፈሩ ከረጠበ በኋላ ዘሩ ከላይ ይበተንና ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ስስ አፈር ይሸፈናል። ከዚያም ዕቃው በነጭ ፌስታል ተሸፍኖ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ቦታ ይቀመጣል። ውሃ ከላይ ከተደፋበት ዘሩን ስለሚያጥበው ዕቃውን ውሃ ባለበት ዝርግ ሳህን ላይ ለጥቂት ጊዜ ማስቀመጥ ይመረጣል።

የችግኙ እንክብካቤ

ቡቃያው እንደታየ ፌስታሉ ይነሣል። እርጥበት ከበዛና አየር ካጠረ ፈንገስ ስለሚይዘው ቡቃያው ከግርጌው ቀጥኖ ይወድቃል። ከዚህ በኋላ ውሃ የሚጠጣው የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ ብቻ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያስፈልገዋል። ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ለየብቻ ይተከላል። በክረምት ዕቃውን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ማስጠጋት ሥሩን ከመበስበስ ያድነዋል። ውርጭ በሚበረታበት አገር ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይከርማል።

ዘር ወይስ ቅርንጫፍ?

ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ቅርንጫፍ የታችኛው ቅጠሉ ተመልጦ እርጥብ አሸዋማ አፈር ላይ ቢተከል በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል። በመዓዛውም በቁመቱም እናት ተክሉን ይመስላል። ከዘር የበቀለው ግን ከእናቱ ሊለይ ይችላል፤ ለአጨዳ እስኪደርስም አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ቅርንጫፍ የሚሰጥ ጎረቤት ላለው ሰው ቀላሉ መንገድ ቅርንጫፍ ነው። ዘር የሚጠቅመው ተክሉ በአካባቢው ለማይገኝ ወይም ከብዙ ችግኞች መካከል መዓዛው የበለጠውን መርጦ ማባዛት ለሚፈልግ ነው።

በሁለቱም መንገድ የተገኘ ተክል ቢታጨድ ሢሶው ብቻ ተቆርጦ ቀሪው ሊተውለት ይገባል፤ ቅጠል አልባ ከሆነው እንጨታማ ግንድ ላይ ዳግመኛ ማቆጥቆጥ ያዳግተዋልና።