ድሮን መጫወቻ ነው ያለው ማነው?

ዛሬ ዛሬ በየሠርጋችን ድሮን ማየት የተለመደ ሆኗል። ከዕድምተኛው አናት በላይ እንደ ንብ እየጮኸች ታንዣብባለች፤ ሙሽሮቹንም ከላይ ሆና ትቀርጻለች። በየሱቁ ስለምትሸጥ ብዙው ወገናችን እንደ ልጆች መጫወቻ ይቆጥራታል። የአሜሪካ ሕግ ግን አውሮፕላን ነው የሚላት። ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ከ250 ግራም ጀምሮ ያለች ድሮን ሁሉ ትመዝገብ ያለው በ2015 ነበር። አንድ ግለሰብ ከሶ በ2017 ቢረታም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንግረስ ምዝገባውን በሕግ መለሰው። ክፍያው 5 ዶላር ነው፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ለመዝናኛ የሚያበር ሰው አጭር የደህንነት ፈተና በነጻ ይወስዳል፤ ድሮኗንም ከዓይኑ አያርቅም። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ችግሩ ያለው ሁለት ነገር ላይ ነው።

አንደኛው ሥራ ነው። ሠርግ ቀርጾ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ተፈትኖ የአብራሪነት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ገንዘብ ባይቀበል እንኳ በረራው ለራሱ መዝናኛ ካልሆነ ያው ነው።

ሁለተኛው ቦታ ነው። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። መላው ዲሲ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። እኛ በብዛት የሰፈርንበት ቦታ ማለት ነው! ድሮኗ ብትመዘገብም፣ በገዛ ግቢያችን ብናበርራትም ክልከላው አይቀርም። በጃንዋሪ 2015 አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ በሌሊት ያስነሣት ድሮን ከቁጥጥሩ ወጥታ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ በመውደቋ አገሩን ሁሉ አስደንግጣ ነበር።

«ማን ያየኛል?» ማለትም አያዋጣም። ከማርች 2024 ወዲህ፣ መመዝገብ ያለባት ድሮን በአየር ላይ ሳለች መለያዋን፣ እንዲሁም አብራሪው ያለበትን ወይም እሷ የተነሣችበትን ቦታ በሬዲዮ ሞገድ እንድታስታውቅ ሕጉ ያስገድዳል። በ2024 በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት እስከ 75,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ይህ ደግሞ ከሠርጉ ድግስ ወጪ ሊበልጥ ነው።

እንግዲህ ሠርግ ደጋሾች፣ ቪዲዮ አንሺውን ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ፈቃዱንም ጠይቁት። ለልጃችሁ ድሮን የምትገዙም፣ የት ወስዳችሁ እንደምታበርሩለት አስቀድማችሁ እወቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።