የቸነፈር መስቀሎችና የስእለት ዓምዶች በኢጣሊያ

በኢጣሊያ ከተሞች አደባባዮችና መስቀለኛ መንገዶች የሚታዩት የቸነፈር መስቀሎችና የስእለት ዓምዶች፣ ማለትም ከወረርሽኝ ለመዳን በተገባ ስእለት የቆሙት የድንጋይ ምሰሶዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መታሰቢያ ብቻ ይታያሉ፤ በሰሜኑ ሎምባርዲያ ግን አጀማመራቸው ከችግር የመነጨ መላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1576 ሚላኖ በቸነፈር ስትመታ ነዋሪው ቤቱን ዘግቶ በወሸባ እንዲቀመጥ በመታዘዙ፣ ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል ካርሎ ቦሮሜዮ በየመስቀለኛ መንገዱ መሠዊያ አስተክለው ሕዝቡ ቅዳሴውን ከመስኮቱ ሆኖ እንዲከታተል አደረጉ። በሽታው ሲያልፍ በየመሠዊያው ቦታ መስቀል የተሸከሙ ዓምዶች ቆሙ፤ የቅዱስ መስቀል ማኅበር የተባሉ የየሰፈሩ ስብስቦችም ይጸልዩባቸው ጀመር። ልማዱ ወደ ትናንሽ ከተሞች ሲዛመት ከቅጥር ውጭ ያሉ የጅምላ መቃብሮችም በመስቀል ተለዩ፤ ስለዚህ ሐውልቱ የቆመበት ሥፍራ ብዙ ጊዜ ከተቀረጸበት ጽሑፍ የበለጠ ያስረዳል።

በዓምዶቹ ላይ ወይም በአቅራቢያቸው በብዛት የሚቀረጹት በፍላጻ የተወጋው ቅዱስ ሴባስቲያንና በጭኑ ላይ ያለውን እባጭ የሚያሳየው ቅዱስ ሮኮ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1610 ቅድስና የታወጀላቸው ቦሮሜዮም ተጨምረዋል።

በደቡብ ሁኔታው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1656 ቸነፈር ኔፕልስን ሲያወድም የፑልያው ቴራ ዶትራንቶ አካባቢ በመትረፉ ሕዝቡ ምስጋናውን ለቅዱስ ኦሮንዞ አቀረበ፤ የሌቼ ከተማም ብሪንዲሲ በለገሰቻት፣ እ.ኤ.አ. በ1528 በወደቀ የሮማውያን ዓምድ ስባሪ ለቅዱሱ ዓምድ አቆመች። በትንሿ ኦስቱኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1771 ጁዜፔ ግሬኮ 21 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጉሊያ፣ ማለትም በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ ሹል ሐውልት፣ ለዚሁ ቅዱስ ሠራ። እነዚህ እንግዲህ ሞትን ሳይሆን መትረፍን ይመሰክራሉ፤ ከተሞች እርስ በርስ የመፎካከር መንፈስ እንደነበራቸውም መካድ ያዳግታል።

ዓምድ ግን ለውግዘትም ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1630 በሚላኖ ጸጉር አስተካካዩ ጃን ጃኮሞ ሞራ ግድግዳዎችን በመርዛማ ቅባት በመቀባት ቸነፈር አስፋፍቷል ተብሎ፣ በማሠቃየት እንዲያምን ተደርጎ ከተገደለ በኋላ ቤቱ ፈርሶ በቦታው የኀፍረት ዓምድ ተተከለ። ዓምዱ እ.ኤ.አ. በ1778 ፈረሰ፤ ውንጀላውን የያዘው የድንጋይ ጽላት ግን በስፎርዛ ቤተ መንግሥት ተጠብቆ ይገኛል።