ባለ ከብቱና ባለ ቢላዋው

የፋሲካ በዓል ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው በለቡ መብራት ኃይል፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሠፈሮች ሁሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘብ እያዋጣ በሬ ይገዛል። ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት አባወራ ተሰብስቦ፣ ከመካከሉ ከብት የሚያውቁትን ሁለት ሦስት ሰዎች መርጦ ወደ ገበያ ይልካል። በሬው መጥቶ በግቢው ይታሰራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ አራጅ ተጠርቶ ይታረዳል፤ ሥጋውም በየመደቡ ተከፍሎ በዕጣ ይታደላል። ይህ ቅርጫ የሚባለው ልማድ ባንድ በኩል የጉርብትና ፍቅር መግለጫ ነው፤ በሌላ በኩል ግን ገንዘብ የወጣበት ዕቃ፣ ዋጋ የሚከፈልበት ሙያና የሚከፋፈል ጥቅም ያለበት ስለሆነ እውነተኛ ንግድ ነው።

ክርክሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በሬው ቆሞ ሳለ ሁሉም ባንድ ቃል «ሥጋ አለው» ይላል። ቆዳው ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ መደቡ በተደረደረ ጊዜ ግን «የቀረው የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው በግልጽ ባይነገርም የሚያርፈው ቢላዋውን በያዘው ሰው ላይ ነው። አራጁም ሌሊቱን ሲደክም አድሮ ምስጋና ሲጠብቅ ጥርጣሬ ያገኛል። የሥጋው ልክ ስንት ነው? ብልቱ ለማን ይደርሳል? ቆዳውና ጭንቅላቱስ የማን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው ካልተቆረጡ በዓሉ በቅሬታ ያልፋል።

እንስሳውን ያመጣው ሌላ፣ ቢላዋውን የያዘው ሌላ በሆነበት አገር ሁሉ ይህ ክርክር አለ። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው በአዳኞችና በሥጋ ቆራጮች መካከል ነው። በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በመጸው ወራት አዳኞች የገደሉትን አጋዘን ጭነው ወደ ሥጋ ቆራጭ ቤት ይሄዳሉ። በአሜሪካ አገር አዳኝ የገደለውን የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ ስለተከለከለ ቆራጩ ሥጋውን አይገዛም፤ የሚቀበለው ገፎ፣ ቆርጦና ጠቅልሎ የሚመልስበትን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። አዳኙ በቀጠሮው ቀን መጥቶ ጥቅሉን ሲረከብ «ያን የሚያህል እንስሳ ይህችን ብቻ ሰጠ?» ይላል። ሁለተኛው ቅሬታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ለቋሊማ የሚሆን ጥቂት ኪሎ ብቻውን መኪናውን ስለማይሞላ፣ አንዳንድ ቆራጮች የብዙ አዳኞችን ሥጋ ባንድነት ይፈጫሉ። በዚህም ምክንያት ሥጋውን በንጽሕናና በጥላ ያቆየ ሰው፣ ፀሐይ ላይ አውሎ ካመጣው ሰው ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ይደርሰዋል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው የአዳኝ ክርክር በልኳንዳ ቤት አይሰማም። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ከወጣው የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 እስከ ወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ድረስ አደን በሕግ ሥር ውሏል። በፈቃድ የሚያድኑትም በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም በባሌና በአርሲ ደጋ ከሚገኘው የደጋ አጋዘን ለመታሰቢያ የሚፈልጉት ቀንዱንና ቆዳውን ነው እንጂ ሥጋውን አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ሃይማኖት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየሃይማኖቱ ሥርዓት ያልታረደውን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ በጥይት የተመታው ድኩላ ወይም ሚዳቋ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጦ የሚያርደው ሰው ያስፈልጋል፤ ሳይደረስበት ከሞተ በክት ነው። እንዲህ ያለ ሥጋ በሚዛን ተሰቅሎ ለማንኛውም ገዢ የሚቀርብ ዕቃ ሊሆን አልቻለም።

ስለዚህ አዳኙ በውጭ አገር የሚከራከረውን ክርክር በለቡና በሌሎቹ ሠፈሮች የሚከራከረው የቅርጫው ማኅበርተኛ ነው። ነገሩን በሒሳብ ለመረመረው ሰው ደግሞ የጥርጣሬው ትልቁ ክፍል ከስርቆት ሳይሆን ካለማወቅ የመጣ ሆኖ ይገኛል።

ለምሳሌ በቁሙ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ቢታረድ፣ ደሙ፣ ቆዳው፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከነአጥንቱ የሚቀረው ሥጋ ግማሽ ያህሉ፣ ማለት 150 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህም አንድ አምስተኛው ያህል አጥንት ነው። 30 ኪሎ አጥንት ቢወጣለት 120 ኪሎ ሥጋና ስብ ይተርፋል። መደቡ ዐሥር ከሆነ ለአንዱ የሚደርሰው 12 ኪሎ ነው፤ ጨጓራው፣ ጉበቱና ምላሱ ለብቻው ይታሰባል። ሦስት መቶውን ለዐሥር አካፍሎ 30 ኪሎ በልቡ ያሰበ ሰው 18 ኪሎ የጠፋበት ይመስለዋል። ነገር ግን ያን 18 ኪሎ የወሰደ ሰው የለም፤ ከመጀመሪያውም ሥጋ አልነበረም። የአዳኙም ሒሳብ ከዚህ አይለይም። በቁሙ 100 ኪሎ የሆነ አጋዘን ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከ75 እስከ 80 ኪሎ ይሆናል፤ ተገፎ አጥንቱ ሲለይ 40 ኪሎ ገደማ ይቀራል፤ ጥይቱ ያበላሸው ሥጋ ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ልኳንዳ ነጋዴውም ይህንኑ ሒሳብ ማወቅ ይገባዋል። ትኩስ ሥጋ በማቀዝቀዣ ቤት ሲያድር ከመቶ ሁለት ያህል ክብደቱ ይተናል። ማታ 150 ኪሎ የተረከበ ባለ ሱቅ ጧት 147 ኪሎ ቢያገኝ ሠራተኛውን ከመክሰሱ በፊት የቅዝቃዜውን ድርሻ ማሰብ ይኖርበታል።

ከክብደት ቀጥሎ የሚመጣው የብልት ጉዳይ ነው። ሻኛ፣ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ጎድንና ፍሪምባ በሚዛን እኩል ቢሆኑም በገበታ ላይ እኩል አይደሉም። በጥንቱ የቤተ መንግሥት ግብር ብልቱ እንደ ማዕረጉ ይሰጥ እንደነበረ ይታወቃል። ቅርጫ ግን ሁሉ እኩል የከፈለበት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ብልት ለየመደቡ እንዲደርስ ሆኖ ይቆረጣል፤ ከዚያም የትኛው መደብ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዕጣውን ይጥላል። ይህ የአባቶች ብልኃት ዛሬም የተሻለ አልተገኘለትም፤ ምክንያቱም ማን የቱን እንደሚወስድ የማያውቅ ቆራጭ አንዱን መደብ ለወዳጁ ሊያደላ አይችልም።

ሦስተኛው ጉዳይ ተረፈ ምርቱ ነው። በጀርመን አገር ባለው የቆየ የአዳኞች ልማድ አውሬውን ከፍቶ ያጸዳው ሰው ልቡን፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይወስዳል፤ ድርሻው ስለታወቀ ክርክር የለበትም። በቅርጫ ግን ቆዳው አንዳንድ ጊዜ ለአራጁ የድካሙ ዋጋ ይሰጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ተሽጦ ከበሬው ዋጋ ይቀነሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ሳይነገር ይታለፋል። ቆዳ ዋጋ በነበረው ጊዜ ይህ ዝምታ ጠብ ያመጣ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ቆዳ ወጪ ንግድ ላይ ከመቶ 150 ቀረጥ ጥሎ ቆዳው ባገር ውስጥ ፋብሪካ እንዲለፋ አደረገ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የጥሬ ቆዳ ዋጋ እጅግ በመውደቁ፣ በበዓል ማግሥት ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ እስከ መታየት ደርሷል። ባለቤት የሌለው ቆዳ ሲገፈፍም የሚጠነቀቅለት የለም፤ ቢላዋው ይበሳዋል፣ ጨው ሳይነካው ይውላል፣ ደረጃውም ይወድቃል። ሠፈሩ በዝምታ ያጣው ዕቃ ለፋብሪካውና ለላኪውም ይጎድልበታል።

ከሁሉ በላይ ግን የጤና ነገር አለ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል በዐይን ከማይታይ ኪሳራ አንዱ ነው። የአዲስ አበባ ቄራ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጥቷል። ለሽያጭ የሚቀርብ ሥጋ በሐኪም ተመርምሮ ማኅተም እንዲያርፍበት የሚደረገው ገዢው በዐይኑ ሊያየው የማይችለውን ነገር ሌላ ሰው ስላየለት ነው። በግቢ የታረደው በሬና በጫካ የተገደለው አጋዘን ይህ ሦስተኛ ምስክር የላቸውም። ስለዚህ በባለ ከብቱና በባለ ቢላዋው መካከል ያለው ነገር ሁሉ በመተማመን ብቻ ይቆማል።

መተማመን ደግሞ በቃል ብቻ ሲሆን ይላላል። መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በሬው ሳይታረድ በአንድ ወረቀት ላይ ዐራት ነገር ይጻፍ፦ የአራጁ ዋጋ በብር ስንት እንደሆነ፣ ቆዳው፣ ጭንቅላቱና እግሩ የማን እንደሚሆኑ፣ መደቡ ስንት እንደሆነ፣ ሥጋውም በማን ሚዛን እንደሚመዘን። የሰው ሥጋ ተቀብሎ የሚፈጭ ወይም የሚቆርጥ ባለ ሱቅም በመግቢያው መዝኖ ደረሰኝ ይስጥ፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የባለቤቱን ስም ይለጥፍ፤ መቀላቀል ግድ ከሆነም አስቀድሞ ይናገር። ደንበኛው አነሰብኝ ቢል የሚመልስለት ምላሱ ሳይሆን ወረቀቱ ይሆናል።

ይህ የሠፈር ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ሞጆና ወደ ቢሾፍቱ ይመልከት። ከዚያ የበግና የፍየል ሥጋ አርደው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኤሚሬቶች የሚልኩ ነጋዴዎች የሚጠየቁት ይኸው ጥያቄ ነው፤ ማን አረደው፣ በምን ሥርዓት፣ ስንት መዘነ፣ በምን ቅዝቃዜ ተጓዘ ይባላሉ። መልሱን በጽሑፍ ያላቀረበ ዕቃው ይመለስበታል። በለቡ መብራት ኃይል ግቢ ውስጥ አንዲቱን ወረቀት ለመጻፍ የለመደ ሰው ለትልቁ ገበያ የሚያስፈልገውን ትምህርት ከቤቱ ጀመረ ማለት ነው። ለጎረቤቱም ቢሆን ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ በሚቀጥለው በዓል አብሮት የሚያዋጣ ሰው አያጣም።