ቡና ሲያነቃን አንጎላችን ውስጥ የት ይደርሳል?

አመሻሽ ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ከመያዛችን በፊት አንድ ሲኒ የጀበና ቡና ብንጠጣ፣ ቡናው ጉልበት የጨመረልን ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል ይጠራቀማል፤ በነርቭ ሕዋሳት ላይ ካሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅም እንቅልፍ ይጫጫነናል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቦታውን ይሻማዋል፤ ተቀባዩን ግን አይቀሰቅሰውም።

ታዲያ የራስ ቅል ሳይከፈት ተቀባዮቹ የሚገኙበት ሥፍራ እንዴት ይታወቃል? ተመራማሪዎች ከተቀባዩ ጋር በሚጣበቅ ንጥረ ነገር ላይ ጨረር አመንጪ አቶም፣ ለምሳሌ ፍሎሪን 18ን፣ ያስራሉ። ንጥረ ነገሩ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ፔት የተሰኘው መሣሪያ ጨረሩ ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚመነጭ ይመዘግባል። በዚህ ዘዴ ኤ1 የተባለው ተቀባይ በታላመስና በአንጎል ቅርፊት በርከት ብሎ፣ በሴሬቤለም ግን አነስ ብሎ ታይቷል። ኤ2ኤ የተባለው ደግሞ እንቅስቃሴን በሚያግዘው በስትራያተም ይከማቻል።

ካርታው ቡናንም ለመለካት ረድቷል። በጀርመን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኅትመት የበቃ ጥናት ለ15 ፈቃደኞች ካፌይን ሰጥቶ፣ ጨረር አመንጪው ንጥረ ነገር ከኤ1 ተቀባዮች ሲፈናቀል ተመልክቷል። ግማሽ ያህሉን ተቀባዮች ለመያዝ ከ4 እስከ 5 ኩባያ ቡና የሚሆን ካፌይን ይበቃል፤ ኩባያው ግን የፈረንጅ እንጂ የእኛ ሲኒ አይደለም።

ለፈተና ሌሊቱን በቡና የሚገፋ ተማሪ አዴኖሲኑ አልጠፋለትም። ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነቱ ይወገዳል፤ ሲጠራቀም የቆየው አዴኖሲንም የተለቀቁትን ተቀባዮች ይረከባል።