ማሽኑን ያስቆመ ሠራተኛ ምን ይባላል?

አደጋ ካየህ አቁም፤ አደጋውን አስወግድ፤ ከዚያ ሥራህን ቀጥል። የስዊዘርላንዱ የአደጋ መድን ተቋም ሱቫ ለሠራተኞች የሚያስተምረው ይህን ነው። ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሱቫ ለፋብሪካና ለግንባታ ሠራተኞች መድን ይሰጣል፤ አሠሪዎቻቸውንም ይቆጣጠራል።

ከጄኔቫ ከተማ በስተምዕራብ ያለችው ቬርኒየ የነዳጅ ዴፖዎችና ሽቶና ጣዕም የሚቀምመው የዢቮዳን ፋብሪካ ያሉባት ናት። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያፈስ ቧንቧ አይቶ ሥራ ያስቆመ ሠራተኛ ምን ይገጥመዋል? ፎርማኑ «ደግ አደረግህ» ካለው ነገ ሌላውም ደፍሮ ይናገራል። «ምርት አስተጓጎልክ» ብሎ ከተቆጣው ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የደህንነት ባህል የሚባለው ይኸው ነው።

የሥራ ውጥረትም ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ በ1979 ባሳተመው ጥናት ሠራተኛን የሚጎዳው የሥራው ጫና ብቻ ሳይሆን በገዛ ሥራው ላይ መወሰን አለመቻሉም ጭምር መሆኑን አሳይቷል። የማሽኑን ፍጥነት ሌላ ሰው ይወስናል፤ የእረፍቱን ሰዓትም እንዲሁ፤ ኮታው ግን እሱ ትከሻ ላይ ነው። የተጣደፈ ሰው ማሽኑን ሳያጠፋ የተቀረቀረውን ዕቃ በእጁ ሊያወጣ ይሞክራል። «ቸልተኛ ነው» ብሎ መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ኮታውን ማን እንዳወጣው ነው።

በስዊዘርላንድ ሕግ የኢንዱስትሪ ሠራተኛ የሳምንት የሥራ ሰዓት ጣሪያ 45 ነው። የመከላከያ ጫማና ጓንት ወጪ የአሠሪው ነው። በኤጀንሲ በኩል የተላከ ሠራተኛም ከቋሚዎቹ እኩል ጥበቃ ይገባዋል፤ ለአገሩ አዲስ የሆኑ ወገኖቻችን በተለይ ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ። በአደጋ ምክንያት መሥራት ያልቻለ ሰው ከአደጋው በኋላ ካለው ሦስተኛ ቀን ጀምሮ ከደመወዙ 80 በመቶ ያገኛል። ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም ለአሠሪው ወዲያው መንገር ይገባል።

በሥራ ጫና የሚመጣ መዛል፣ በርንአውት የሚሉት፣ ግን በዚያ አገር በሥራ ምክንያት እንደመጣ በሽታ አይቆጠርም፤ የአደጋ መድኑም አይሸፍነውም። የሚታየው እንደ ማንኛውም ሕመም ስለሆነ ሳይብስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማስረጃ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ ክፍተት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1981 ጄኔቫ ላይ ያጸደቀው 155ኛው ስምምነት፣ ከባድ አደጋ ሊደርስ መቃረቡን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራ ቦታው የሸሸ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ በ1991 አጽድቃዋለች፤ ስለዚህ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለች ሠራተኛም ይህን መብት መጥቀስ ትችላለች።